ተጎታች ቤት ከመግዛታችን በፊት መኪናችንን እንወቅ



የልጆቻችን ትምህርት ቤት ሊዘጋ በተቃረበ ቁጥር በሰፈራችን የሚነሳ አንድ ወሬ አለ። ይኸውም ትሬለር እያልን የምንጠራውን ተጎታች ቤት ገዝቶ፣ ቤተሰብን ይዞ፣ ወደ ሼናንዶዋ ተራራ የመውጣት ነገር ነው። ሐሳቡን እኛም እንደግፋለን። ዓመቱን ሙሉ በሁለት ፈረቃ ሲሠሩ የከረሙ አባትና እናት፣ ከስልክ ላይ ዓይናቸውን መንቀል ያቃታቸው ልጆች፣ ሁለት ሌሊት ዛፍ ሥር ቢያድሩ ጤና ነው፤ ፍቅርም ነው። እኛን ያሳሰበን መሄዱ ሳይሆን የግዥው ነገር ነው።

እንደሚታወቀው ብዙዎቻችን መሸጫው ቦታ ስንደርስ መጀመሪያ የምናየው አልጋውን፣ ኩሽናውንና ሻወሩን ነው። «እዩት እስቲ፣ ሳሎን እኮ ነው!» እንባባላለን። ሻጩ ደግሞ «መኪናችን ይጎትተዋል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ያለ ምንም ችግር!» ይላል። እሱ ምን ቸገረው? ቁልቁለቱን የምንወርደው እኛ ነን።

ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንድ ቤተሰብ የደረሰበትን በፈቃዳቸው እንጽፋለን። አምስት ልጆቻቸውን በሚኒቫን ጭነው፣ አዲስ የገዙትን ተጎታች አስከትለው፣ በ81 አውራ ጎዳና ይወርዱ ነበር። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በጎን ሲያልፋቸው ተጎታቹ እንደ ውሻ ጅራት ግራና ቀኝ ይወዛወዝ ጀመር፤ መኪናውንም ይዞት ሊዞር ደረሰ። አባትየው ፍሬን ሳይረግጡ እግራቸውን ከነዳጁ ላይ አንስተው፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይዘው፣ እንደ ምንም ዳር ያዙ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። ተጎታቹ ግን በወሩ በኪሳራ ተሸጠ፤ ልጆቹም እስከ ዛሬ «ካምፒንግ» ሲባሉ ይደነግጣሉ።

ጥፋቱ የአነዳድ አልነበረም፤ የሂሳብ ነበር። ሂሳቡን እዚሁ እናስላው። ብዙዎቻችን የምንነዳው ሚኒቫን እንዲጎትት የተፈቀደለት እስከ 3,500 ፓውንድ ነው። አንድ ተጎታች ባዶውን 3,100 ፓውንድ ነው እንበል። «ይኸው፣ 400 ተረፈን!» እንላለን። ነገር ግን 30 ጋሎን ውሃ ብቻውን 250 ፓውንድ ያህል ይመዝናል። ሁለት የተሞሉ የጋዝ ሲሊንደሮች 75 ፓውንድ ይሆናሉ። ብርድ ልብሱ፣ ድስቱ፣ ወንበሩ፣ በረዶ የሞላው ሳጥን፣ የልጆች ብስክሌት ሲደመር 400 ይደርሳል። ድምሩ 3,825 ሆነ። ገና ከቤት ሳንወጣ አልፈናል ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ፣ መጎተት ማለት መሳብ ብቻ አይደለም፤ መሸከምም ነው። ተጎታቹ እንዳይወዛወዝ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመኪናው መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት። ከ3,825 ፓውንድ 12 በመቶው 459 ነው። የሾፌሩን በር ስንከፍት ምሰሶው ላይ የተለጠፈች ወረቀት አለች፤ መኪናው ሰውና ዕቃ ተደምሮ ስንት ፓውንድ እንደሚችል የምትናገረው እሷ ናት። 1,200 ትላለች እንበል። ሁለት አዋቂና አምስት ልጆች 790 ቢሆኑ፣ 459ኙን ስንጨምር 1,249 ይመጣል። አንድ ሻንጣ እንኳ ሳይጫን ሞልቶ ፈሰሰ። ታዲያ የኋላው ሲጫን የፊቱ ይቀልላል፤ የፊት ጎማ ሲቀልል መሪው አይታዘዝም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ማቆምም አለ። ተጎታች ከ3,000 ፓውንድ ሲያልፍ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው በብዙ ስቴቶች ሕግ ያስገድዳል። ፍሬኑ ተጎታቹ ላይ ስላለ ብቻ አይሠራም፤ ከሾፌሩ አጠገብ መቆጣጠሪያው መገጠም አለበት። ያገለገለ የሚገዛ ደግሞ ጎማውን ይመልከት። ጥርሱ ሙሉ መሆኑ አያታልለን፤ ጎማ ቆሞም ያረጃል። ጎኑ ላይ ካሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 2316 የሚል ካየን በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሳይቀይሩ መንገድ መውጣት አይገባም።

«እንግዲያው ትልቅ ፒክአፕ ብንገዛስ?» የሚሉ አሉ። ለሥራው የሚያስፈልገው ይግዛ፤ አንቃወምም። ግን በዓመት ሁለት ሳምንት ለመጎተት ብሎ የስድስት ዓመት ዕዳ መግባት፣ በቀረው ጊዜ ደግሞ ያንን የሚያህል መኪና ለሥራ መመላለሻ ነዳጅ እየቀለቡ መኖር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። በዚያ ላይ ብዙ ሰፈሮች ተጎታች በር ላይ ማቆም ይከለክላሉ፤ የማቆሚያ ኪራይም ይጨመራል።

የእኛ አስተያየት አጭር ነው። መኪናችን ተጎታቹን ይምረጥ እንጂ ተጎታቹ መኪናችንን አይምረጥ። ሲገዙ የባዶውን ክብደት ሳይሆን ተጎታቹ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ክብደት ይዩ፤ እሱም ከመኪናው አቅም ዝቅ ያለ ይሁን። ከመግዛት በፊት አንድ ጊዜ ይከራዩ። ከጫኑ በኋላ የጭነት መኪናዎች ማረፊያ ጎራ ብለው በሚዛን ያስመዝኑ። ውሃም ከቤት ሞልቶ መውጣት የግድ አይደለም፤ ቢግ ሜዶውስ ሲደርሱ ይቀዳል። በሼናንዶዋ ካምፖች ግን ተጎታቹን የምንሰካበት ኤሌክትሪክ የለም፤ ቀድሞ ማወቁ ይበጃል። በስካይላይን መንገድ የሜሪስ ሮክ ዋሻ ከፍታ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ስለሆነ ቁመታችንንም እንለካ።

ሰባት ሆነን ትንሽ ተጎታች የማይበቃን ከሆነስ? ወላጆችና ሕፃናት ውስጥ፣ ትልልቆቹ ልጆች ድንኳን ውስጥ ይደሩ። ልጆቹ እንዲያውም የሚወዱት ድንኳኑን ነው።

አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። እናቶቻችን፣ እህቶቻችን፣ አደራ! ዝናብ መጣ ብላችሁ የቡና ከሰል ተጎታቹ ውስጥ እንዳታስገቡ። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በጠባብ ቤት ተኝቶ ያለን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። መስኮት መክፈትም አያስተማምንም። ቡናው ውጭ ይፈላ፤ ዝናቡ እስኪያባራ ቢዘገይ ምንም አይደል።

በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባችን ተጎታች የመግዛት ሐሳብ ያላችሁ ሁሉ የሾፌር በር ላይ ያለውን ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ኑ። እርሳስና ወረቀት ይዘን አብረን እንደምራለን። በመንገድ ላይ ከማልቀስ በስብሰባ ላይ መከራከር ይሻላል እንላለን።

መልካም የዕረፍት ጊዜ!