ግብር ከትርፍ እንጂ ከመንገድ አይሰብሰብ



ያለ ግብር መንገድም ትምህርት ቤትም እንደማይኖር ፓርቲያችን ያምናል። የምንቃወመው ገበያን የሚያሽመደምድ ግብርን ነው።

ከጀውሃ ተጭኖ፣ ጣርማበርን ወጥቶ አዲስ አበባ የሚገባውን ሽንኩርት እንውሰድ። ገበሬው ኪሎውን ከ30 ብር በታች አይሸጥም፣ ሸማቹም ከ40 ብር በላይ ከፍሎ አይገዛም እንበል። ማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ 8 ብር ቢሆን ንግዱ ይካሄዳል። በየኬላው የሚጠየቀው የኮቴ ክፍያ 3 ብር ሲጨምርበት ግን ዋጋው 41 ብር ይደርሳል፤ ንግዱም ይቀራል። ሽንኩርቱ ማሳ ላይ ይበሰብሳል፤ የከተማችን ጫኝና አውራጅ ሥራ ይፈታል፤ ሸማቹ ባዶ ዘንቢል ይዞ ይመለሳል። መንግሥትም ካልተሸጠ ዕቃ ሳንቲም አያገኝም።

በ1994 ዓ.ም. የታወጀው ተጨማሪ እሴት ታክስ እንኳ ነጋዴው በግዢ የከፈለውን ታክስ ተቀናሽ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። የኬላ ክፍያ ግን በዋጋ ላይ እየተደራረበ ይሄዳል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 100 ግብር ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር እንዲመጣጠን ያዛል። ኬላ ምን አገልግሎት ሰጠን?

ስለዚህ ብንመረጥ በመንገድ ላይ የሚሰበሰበውን ክፍያ እናስቀራለን፤ ነጋዴው ግብሩን በዓመቱ መጨረሻ፣ ካገኘው ትርፍ ላይ፣ በደረሰኝ ይከፍላል።

ድምፃችሁን ለተከፈተ መንገድ ስጡ!