በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ሶፍትዌር ኮዱም የሕዝብ ይሁን

አንድ መሥሪያ ቤት ሕንፃ ሲያስገነባ ፕላኑን ይረከባል። ሶፍትዌር ሲያሠራም የምንጭ ኮዱን ሊረከብ ይገባል። ይህ በውሉ ላይ በግልጽ ካልሰፈረ እጁ የሚገባው የአጠቃቀም ፈቃድ ብቻ ሊሆን ይችላል። አንድ ቅጽ ለማስተካከል እንኳ ያንኑ አቅራቢ ደጅ ይጠናል፤ የጠራውንም ዋጋ ይከፍላል። ድርጅቱ ከገበያ ሲወጣ ደግሞ ሥርዓቱን የሚጠግን ሰው ይጠፋል።

ከዚህ የተሻለ መንገድ እንዳለ መንግሥት በተግባር አይቶታል። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ የቆመው ሞሲፕ በተባለው፣ ህንድ ባንጋሎር ውስጥ በተጀመረው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ ነው። የጤና ሚኒስቴር ከጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2ም ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተገኘ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሥርዓት ነው። የእኛ የዘመን አቆጣጠር ተካቶበታል። በተቆለፈ ሶፍትዌር ይህን ለማግኘት የባለቤቱን ኩባንያ በጎ ፈቃድ መጠበቅ ግድ ይሆን ነበር።

እንዲህ ያለው ምርጫ ግን በአንዳንድ ኃላፊዎች አርቆ አሳቢነት ላይ ብቻ ሊንጠለጠል አይገባውም። ስዊዘርላንድ ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶቿ የሚያሠሩትን ሶፍትዌር ኮድ ይፋ እንዲያደርጉ በሕግ አስገድዳለች፤ የሚቀረው የሦስተኛ ወገን መብት ወይም የደኅንነት ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው። ህንድም በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ፖሊሲ፣ ክፍት ምንጭን ከአማራጭ ያስወጣ አቅራቢ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ጠይቃለች።

ነገሩ ቀላል ነው አንልም። የጀርመኗ ሙኒክ በ2003 እ.ኤ.አ. ወደ ክፍት ምንጩ ሊኑክስ ለመዞር ወስና፣ በ2017 ምክር ቤቷ ወደ ዊንዶውስ እንድትመለስ ድምፅ ሰጥቷል። ለፈቃድ ባይከፈልም ሰርቨሩ፣ ሥልጠናውና ጥገናው ገንዘብ ይጠይቃሉ። ለውጭ ኩባንያ ፈቃድ ከሚወጣው ምንዛሪ የሚተርፈው ካለ፣ ኮዱን አንብበው ለሚያስተካክሉ የአገር ልጆች ደመወዝ መዋል አለበት። ይህ ካልሆነ ክፍቱም ሶፍትዌር መልሶ የሌላ ጥገኛ ያደርገናል።

ኮዱ ከታየ ለጥቃት እንጋለጣለን የሚለውን ሥጋት አንንቀውም። የዜጎች መረጃ ምንጊዜም ተጠብቆ መያዝ አለበት፤ ይከፈት የምንለው ኮዱን ነው። የሚሊዮኖችን የጣት አሻራ የያዘ ሥርዓት ውስጡን የራሳችን ባለሙያዎች ሊመረምሩት ካልቻሉ አደጋው ይብሳል።

የመንግሥት ግዥና ንብረት ባለሥልጣን ከኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ጋር ሆኖ በመደበኛው የጨረታ ሰነድ ላይ አንድ አስገዳጅ አንቀጽ እንዲያኖር እንጠይቃለን፦ በመንግሥት በጀት የሚሠራ ማንኛውም ሶፍትዌር የምንጭ ኮዱና የቴክኒክ ሰነዱ፣ ከማሻሻልና ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች ከማካፈል መብት ጋር፣ ሳይተላለፍ የመጨረሻው ክፍያ አይፈጸም።