ሒሳቡ ይገለጥ፣ ተቀባዩ ይሸሸግ

ረመዳን ሲገባ በስልካችን የሚደርሱን የእርዳታ ጥሪዎች ይበዛሉ። ለማስፈጠሪያ፣ ለየቲሞች፣ ለታመሙ፣ ለዘካተል ፊጥር ገንዘብ ይሰበሰባል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ መስጠት ቀሏል፤ መርካቶ ሱቁ ውስጥ ያለ ነጋዴ ጅማ ለሚገኝ ችግረኛ መግሪብ ሳይደርስ ይደርስለታል። ይህ ትልቅ ኸይር ነው። ከቅለቱ ጋር ግን ብዙም ያልተነጋገርንበት ነገር መጥቷል፤ የሰደቃ ምስጢር እየጠፋ ነው።

ጥሬ ገንዘብ ስም አይጽፍም። የታጠፈ ብር በሰላምታ መሀል እጅ ውስጥ ሲቀመጥ የሚያውቁት ሰጪው፣ ተቀባዩና አላህ ብቻ ናቸው። በስልክ የተላከ ገንዘብ ግን የላኪና የተቀባይ ስም፣ መጠን፣ ቀንና ሰዓት ይመዘገብለታል። መዝገቡ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ክርክር ቢነሣ ማስረጃ ይሆናል። ችግሩ የሚጀምረው በስክሪንሹት ተነሥቶ ብዙ ሰው ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ ሲለጠፍ ነው። አንዲት እናት የተቀበለችው ዱቄትና ዘይት ከነፎቶዋና ከነስልክ ቁጥሯ ይዞራል። ልጇ በማግስቱ ትምህርት ቤት ምን እንደሚባል ማን አሰበ?

ሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 271 ሰደቃን በግልጽ መስጠት መልካም መሆኑን፣ ለድሆች ደብቆ መስጠት ግን በላጭ መሆኑን ያስተምራል። አንቀጽ 273 ደግሞ ከጨዋነታቸው የተነሣ ለማያውቃቸው ሰው ባለጸጋ ስለሚመስሉ ችግረኞች ይናገራል። ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱም ባለዕዳ ነው። ዕዳውን ከጎረቤት የደበቀ ሰው ለፎቶ ቁም ከተባለ ወይ ይሸማቀቃል፣ ወይ ሳይቀበል ይመለሳል። ያን ጊዜ ዘካው ለደፋሩ እንጂ ለባሰበት አይደርስም።

«ማስረጃ ሳናይ እንዴት እንመን?» የሚሉ አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ በረመዳን ስም የሚያጭበረብር አይጠፋም። ነገር ግን ታማኝነቱን ማሳየት ያለበት ሰብሳቢው ነው፤ መገለጥ የሚገባውም የእርሱ ሒሳብ እንጂ የድሃው ፊት አይደለም። ስንት ብር ገባ፣ ምን ተገዛበት፣ ለስንት ቤተሰብ ደረሰ የሚለው በአደባባይ ይነገር። የተቀባዮች ስም ግን ጀመዓው በሚያምናቸው ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች እጅ ይቆይ፤ ለስርጭቱ በስም ፋንታ ቁጥር ይሰጣቸው። ሒሳቡ ተመርምሮ ሲዘጋ የመታወቂያ ኮፒዎቹ ይወገዱ።

ይህ የአደብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን መብት አድርጎታል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሃይማኖት እምነትን የሚመለከት መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መካከል ይመድበዋል። ለየትኛው መስጂድ ስንት እንደሰጠን የሚያሳይ መዝገብ ሃይማኖታችንንም ገቢያችንንም ይናገራል። ስለዚህ ባንኮችና የስልክ ገንዘብ ድርጅቶች ሠራተኛ ሁሉ እንዳሻው የማይከፍተው አድርገው ሊጠብቁት ይገባል። እኛም የመጠየቅ መብት አለን።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን እናድርግ። ለሩቁ በስልክ እንላክ፤ የተላከበትን ማስረጃ ግን ለራሳችን እናስቀምጥ። ለቅርቡ ጎረቤት ፖስታ ውስጥ የገባ ጥሬ ገንዘብ ዛሬም ያገለግላል። ዘካተል ፊጥር ከኢድ ሶላት በፊት መድረስ ስላለበት፣ የምትሰጡትን ኮሚቴ «የተቀባዮቹን ስምና ፎቶ ምን ታደርጉታላችሁ?» ብላችሁ ከአሁኑ ጠይቁ። ጥሩ መልስ ያለው ኮሚቴ ጥያቄውን አይከፋበትም። ልጆቻችንም ከእኛ የሚማሩት የሰጠነውን መጠን ብቻ አይደለም፤ የተቀበለውን ሰው እንዴት እንዳከበርነውም ያያሉ።