አዳራሹን ለልጆቻችን እንክፈት



ባለፈው ወር እዚሁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ያየነውን ሳንጽፍ ብናልፍ ቅር ይለናል። አንዲት እናት ስለ ውሃ የተለጠፈውን ወረቀት እንዲያነብላቸው አምስተኛ ክፍል የደረሰ ልጃቸውን ጠሩት። ልጁ ጣቱን በፊደሎቹ ላይ እያስሄደ አንድ በአንድ ለቀመና ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። “ይኼን ቃል ገና አልተማርነውም” አለ። ቃሉ “ይቋረጣል” የሚል ነበር። እናቲቱ ምንም አልተናገሩም፤ አላፊ መንገደኛ አስነብበው ሄዱ። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ከትምህርት ቤትም የሚቀር ልጅ አይደለም። ታዲያ ምን ሆነ?

ይህን የምናነሣው ማንንም ለማሳፈር አይደለም። በአገር ደረጃ የተጠናውም ይኸንኑ ነው የሚናገረው። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች ስለ ንባብ ችሎታ በተደረገ ጥናት፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚያ ልጆች አደጉ፤ እነሱና ከእነሱ ኋላ የመጡት ታናናሾቻቸውም ለትልቁ ፈተና ደረሱ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የመጣውን ውጤት ሁላችንም ሰምተናል። ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ብቻ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየዓመቱ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ያን ጊዜ አንዱ መምህሩን ሰደበ፣ አንዱ ፈታኙን ረገመ፣ አንዱ ልጁን ገረፈ። እኛ ግን ፈተናው የተወደቀው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ አይደለም እንላለን። የተወደቀው ልጁ ንባቡ ሳይደላደልለት ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ሲገባ፣ እኛም “ተዛወረ” ብለን ደስ ሲለን ነው።

ከተማችን ደብረ ብርሃን በአጭር ዓመታት ውስጥ እንዴት እንደሰፋች የምታውቁት ነው። ቀድሞ ስሟ የሚነሣው በብርድና በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነበር። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ሌሎች ፋብሪካዎችም በላይ በላዩ መጡ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖቻችን ተጠግተውናል። ሰው ሲበዛ ተማሪ ይበዛል። የመማሪያ ክፍል ግን እንደ ሰው በአንድ ሌሊት አይመጣም። በመንግሥት ትምህርት ቤት ዘንድ ደግሞ ከሚመደበው በጀት አብዛኛው ለመምህራን ደመወዝ የሚውል መሆኑ የታወቀ ነው። በተማሪ ቁጥር ታስቦ የሚሰጠው ድጎማም ለጠመኔ፣ ለወረቀትና ለተሰበረ ዴስክ ማስጠገኛ ቢበቃ ነው። በመሆኑም የሠፈራችን ትምህርት ቤት ልጆቹን በሁለት ፈረቃ ከፍሎ ያስተምራል። ቢሆንም ማማረሩን ብቻ አንያዝ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ እንደሆኑ እያየን ነው። የኛ ልጆች በፈረቃም ቢሆን ደወል ይሰማሉ።

ችግሩ ከደወሉ በኋላ ያለው ግማሽ ቀን ነው። የጠዋት ፈረቃ ልጅ ከምሳ በኋላ፣ የከሰዓት ፈረቃ ልጅ ደግሞ ጠዋት የት ነው የሚውለው? እናት ጉልት ላይ ናት፣ አባት ፋብሪካ ወይም ቀን ሥራ ላይ ነው። ብዙዎቻችን የምንኖረው በአንድ ክፍል ቤት ነው፤ ተቀምጦ የሚጠናበት ጥግ የለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደጅ ተቀምጦ ደብተር መግለጥ አይታሰብም። ስለዚህ ልጁ ጆተኒ ቤት ይሄዳል፤ ትንሽ ከፍ ሲል ፑል ቤት፤ ከዚያም ወዲያ የት እንደሆነ አንጽፈውም፣ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አንድ ነጋዴ የማኅበራችንን አዳራሽ ዓመቱን ሙሉ ለዕቃ ማከማቻ እንድናከራያቸው ጠይቀዋል። ሰውየው የታመኑ ናቸው፣ በነገሩ ክፋት የለበትም። የሚከፍሉትም ገንዘብ ከአባላት ከምንሰበስበው ወርኃዊ መዋጮ ይበልጣል። በዚህ ገንዘብ ክረምት ክረምት የታችኛውን ሠፈር ቤቶች የሚያጥለቀልቀውን ቦይ ለማሠራት ታስቦ ነበር። ይህን የምንነግራችሁ ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ ብለን ነው። ከሥራ አስፈጻሚው ውስጥ እኩሌታው ይከራይ የሚሉ ናቸው፤ ምክንያታቸውም የማይናቅ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ግን አዳራሹ ከሰኞ እስከ ዓርብ ለልጆቹ የማንበቢያ ቤት ይሁን የሚል አሳብ አቅርቧል። ቅዳሜና እሑድ እንደ ወትሮው ለሠርግና ለተዝካር ይከራያል።

“ማስተማር የመንግሥት ሥራ ነው” የሚሉ አሉ። ልክ ነው፤ የመንግሥት ሥራ ነው። ክፍል እንዲጨመር፣ መጽሐፍ ለልጁ ሁሉ እንዲዳረስ ከመጠየቅ ወደ ኋላ አንልም። ግን ክፍሉ እስኪሠራ ልጁ አይጠብቀንም፤ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል የሆነው ከርሞ ሦስተኛ ነው። “የኔ ልጅ በግል ትምህርት ቤት ይማራል፣ ምን አገባኝ” የሚልም አይጠፋም። ወንድሜ ሆይ፣ ልጅህ የሚጫወተው ከማን ጋር ነው? ነገ ተነሥቶ የሚሠራው፣ የሚጎራበተው ከማን ጋር ነው? “ወንበር ይሰባበራል” ለሚሉትም፣ አዎን፣ ይሰበር ይሆናል። የተሰበረ ወንበር በምስማር ይጠገናል።

“ማን ያስተምራቸዋል?” የሚለው ጥያቄ ግን ተገቢ ነው። አሳባችን ሌላ ትምህርት ቤት መክፈት አይደለም። ልጁ መጽሐፉን ይዞ ይመጣል፣ ጮክ ብሎ ያነባል፣ አንድ ትልቅ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ይሰማዋል፤ ሲሳሳት ያቀናዋል፤ በቃ። ይህ ዲፕሎማ አይጠይቅም። ይህን የምንጽፍ እኛ ራሳችን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት አላለፍንም፤ ነገር ግን ልጅ ሲያነብ ተቀምጠን መስማት አያቅተንም። ደግሞስ ከተማችን መምህራን የሚሠለጥኑባት ከተማ አይደለችም ወይ? በሠፈራችን ጡረታ የወጡ መምህራን አሉን፤ ሁለቱ ገና ወሬውን ሲሰሙ “በሳምንት ሁለት ቀን የኛ ነው” ብለውናል። ከትምህርት ቤቱ መምህራን ጋርም ተነጋግረን የትኞቹ ልጆች ንባብ እንደከበዳቸው ሊነግሩን ፈቃደኞች ሆነዋል።

ታላላቆቻችን ይህ ነገር አዲስ አይሆንባቸውም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በአዋጅ ሲቋቋሙ፣ ኋላም በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ፊደል የተቆጠረው በቀበሌ አዳራሽ፣ በዛፍ ጥላና በተገኘው ቤት ውስጥ ነበር። የዚያን ዘመን ክፉውን ነገር ማንም አልረሳውም። ሆኖም ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ፣ በ1972 ዓ.ም. ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቶ፣ ስንት እናት ስሟን ለመጻፍ በቃች። ጣት በቀለም አጥቅሶ መፈረም የቀረላቸው እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ያን ጊዜ ልጆቹ እናቶቻቸውን አስተማሩ። ዛሬ ተራው የኛ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ አዳራሹ ለአንድ ዓመት ለሙከራ ለልጆቹ እንዲሰጥ ድምፃችሁን ስጡ፤ በዓመቱ ካልጠቀመ መልሰን ማከራየት እንችላለን። ሁለተኛ፣ በየቤታችሁ አቧራ የለበሰ የቆየ የመማሪያ መጽሐፍና የተረት መጽሐፍ ካለ አምጡ። ሦስተኛ፣ የቦዩ ነገር እንዳይቀር ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ያለው ደግሞ በገንዘቡ እንዲያግዝ ተመዝገቡ። የታችኛው ሠፈር ሰው በኛ ልጆች ስም ጎርፍ እንዲገባበት አንፈልግም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ጠቅላላ ስብሰባው የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ላይ በዚሁ አዳራሽ ይደረጋል። ያለፈውን ስብሰባ ለቅሶ አለብኝ፣ ገበያ ነው ተብሎ ምልዓተ ጉባኤ ባለመሟላቱ መበተናችን ይታወሳል። አሁንም ከቀረን ነጋዴው እስከ ሰኞ መልስ ስለሚፈልጉ ጉዳዩን የሚወስኑት ጥቂት ሰዎች ይሆናሉ። ልጆች ያሏችሁም የሌሏችሁም ኑ። “ይከራይ” የምትሉም ኑና አሳባችሁን በግልጽ ተናገሩ፤ የሚያስከፋን ባትመጡ ነው።

ወረቀቱን ማንበብ ላልቻሉ ጎረቤቶቻችሁ እባካችሁ አንብቡላቸው። ከተቻለም ልጃችሁን ጠርታችሁ እሱ ጮክ ብሎ ያንብበው፤ እናንተ ቆማችሁ ስሙት።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት