ያልተለካው ሰዓት፦ የባይፓስ ደም መልስና የዘረ-መል ሕክምና

አርጀንቲናዊው ቀዶ ሐኪም ሬኔ ፋቫሎሮ እ.ኤ.አ. በ1967 በክሊቭላንድ ክሊኒክ ከእግር የሚወሰድ ደም መልስን ለተዘጋ የልብ ደም ቅዳ ማለፊያ ማድረግ ከጀመረ ወዲህ፣ ይህ ቀዶ ሕክምና የብዙዎችን ሕይወት አራዝሟል። ሆኖም ደም መልሱ ያልተፈጠረበትን ሥራ እንዲሠራ ይገደዳል። በእግር ውስጥ ሳለ ደምን በዝቅተኛ ግፊት ወደ ልብ ይመልስ የነበረ ቱቦ፣ በልብ ላይ ከተሰፋ በኋላ የደም ቅዳን ሙሉ ግፊት በእያንዳንዱ ምት ይሸከማል። በመጀመሪያው ወር ዋናው አደጋ የደም መርጋት ነው። ከዚያ እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ በግድግዳው ውስጥ ያሉ የልሙጥ ጡንቻ ሕዋሳት ወደ ውስጠኛው ሽፋን ተሰደው ይባዛሉ፤ ግድግዳው ይወፍራል፣ መተላለፊያው ይጠባል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ በዚሁ በወፈረው ግድግዳ ላይ ስብ ይከማቻል።

የዘረ-መል ሕክምና ያነጣጠረው በመካከለኛው ምዕራፍ፣ ማለትም በሕዋሳቱ መባዛት ላይ ነበር። ሐሳቡ ውብ ነው። አንድ ሕዋስ ለመከፈል ሲነሣ ኢ2ኤፍ የተባለ ፕሮቲን በዲኤንኤው ላይ ከተወሰኑ ቦታዎች ጋር ተጣብቆ የመባዛት ዘረ-መሎችን ያነቃል። ቪክተር ዛው፣ ማይክል ማንና ባልደረቦቻቸው እነዚያን ቦታዎች የሚመስል ባለ ሁለት ሰንሰለት አጭር ዲኤንኤ አዘጋጁ። ፕሮቲኑ በዚህ ማታለያ ላይ ሲጣበቅ ከእውነተኛው ቦታ ይቀራል፤ ሕዋሱም አይከፈልም። ኤዲፎሊጋይድ የተባለው ይህ መድኃኒት አዲስ ዘረ-መል ስለማያስገባ በጠባቡ ትርጉም የዘረ-መል ሕክምና ነው ለማለት ያከራክራል፤ ነገር ግን የዘረ-መልን አሠራር ስለሚለውጥ በዚሁ ስም ሲጠራ ኖሯል። ትልቁ ጥቅሙ ለሕመምተኛው በመርፌ የማይሰጥ መሆኑ ነው። ደም መልሱ ከእግር ወጥቶ ልብ ላይ እስኪሰፋ ባለው ጊዜ መድኃኒቱ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ተደርጎ፣ እንዳይለጠጥ ተይዞ፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል በግፊት ይታከማል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው መጽሔት የወጣው የመጀመሪያው የሰው ሙከራ የእግር ባይፓስ በተሠራላቸው 41 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ነበር። መድኃኒቱ ወደ 89 በመቶ በሚጠጉ ሕዋሳት ውስጥ ገባ፤ የመባዛት ምልክቶች ቀነሱ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የተዘጉ ወይም ክፉኛ የጠበቡ ደም መልሶችም ምንም ሕክምና ካልተደረገላቸው ያነሱ ሆኑ። ይህ ውጤት ኮርጀንቴክ የተባለውን የካሊፎርኒያ ኩባንያ ወደ ትልልቅ ሙከራዎች መራው። ፕሪቬንት 4 በተባለው ሙከራ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2003 በአሜሪካ በ107 ሆስፒታሎች 3,014 የልብ ባይፓስ ሕመምተኞች በዕጣ ተመደቡ። ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ በአንጂዮግራፊ ሲታዩ፣ ቢያንስ አንድ ደም መልስ ሦስት አራተኛና ከዚያ በላይ የጠበበባቸው ሰዎች መድኃኒቱን ካገኙት መካከል 45.2 በመቶ፣ ፕላሴቦ ካገኙት መካከል ደግሞ 46.3 በመቶ ሆነው ተገኙ። በእግር ባይፓስ 1,404 ሕመምተኞችን ያሳተፈው ፕሪቬንት 3ም በዋናው መለኪያው ልዩነት አላሳየም። ተስፋው በዚሁ ከሰመ፤ የዘረ-መል ሕክምና ለደም መልስ አይሆንም የሚለው አስተያየትም ከዚያ ወዲህ እንደ ተረጋገጠ ነገር ይነገራል።

ይህ ፍርድ ግን ችኩል ነው። ሁለቱን አኃዞች እርስ በርስ በማነጻጸር የተጠመደ አንባቢ ሁለቱ አብረው የሚናገሩትን ያልፈዋል፤ ከግማሽ ጥቂት በሚያንሱ ሕመምተኞች ቢያንስ አንድ ደም መልስ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ከሽፏል። ይህን ያህል ውድቀት በሕዋስ መባዛት ብቻ ማስረዳት ይከብዳል። ፍንጩ ከራሱ ከፕሪቬንት 4 መዝገብ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ትንተና እንዳሳየው፣ ደም መልሱ በትንሽ ቀዳዳ በኢንዶስኮፒ በተወሰደላቸው ሕመምተኞች የመክሸፉ መጠን 46.7 በመቶ፣ እግር ተከፍቶ በተወሰደላቸው ደግሞ 38.0 በመቶ ነበር። በ2014 የወጣው ሌላ ትንተና ደግሞ ደም መልሱ እስኪሰፋ የሚቆይበትን ፈሳሽ ተመለከተ። አሲዳማነቱ በተመዛዘነ የጨው ውኃ የቆዩት፣ በተራ ሳላይን ወይም በራሱ በሕመምተኛው ደም ከቆዩት ያነሰ ከሽፈዋል።

እርግጥ ነው፣ እነዚህ ንጽጽሮች በዕጣ የተደለደሉ አይደሉም። የ2019ኙ ሪግሩፕ ሙከራ 1,150 የቀድሞ የጦር አባላትን በዕጣ መድቦ፣ በኢንዶስኮፒና በተከፈተ አወሳሰድ መካከል በሞት፣ በድንገተኛ የልብ ጥቃትና መሰል አደጋዎች ልዩነት አላገኘም። ግን ያ ሙከራ የተካሄደው ልምድ ባካበቱ ባለሙያዎች እጅ ነው፤ የለካውም የሕመምተኛውን ዕጣ ፈንታ እንጂ የደም መልሱን ጥበት አልነበረም። በስዊድን ኦሬብሮ ዶሚንጎስ ሱዛ ያስተዋወቀው ዘዴ ደም መልሱን ከዙሪያው ስብ ጋር፣ በመርፌ ሳይነፋ ያወጣዋል። በቻይና 2,655 ሕመምተኞችን ያሳተፈ ሙከራ ይህን ዘዴ ሲደግፍ፣ የስዊድኑ ተከታይ ሙከራ ግልጽ ልዩነት አላገኘም፤ የእግር ቁስል ችግርም በዝቶበታል። ጉዳዩ ገና አልተዘጋም። የማያከራክረው፣ የደም መልስ ውስጠኛ ሽፋን ስስ መሆኑና ሲጎተት፣ ሲቆነጠጥና በኃይል ሲነፋ መጎዳቱ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። የአያያዝ ጉድለት በዕጣው ምክንያት ለሁለቱም ወገን እኩል ስለ ደረሰ መድኃኒቱ ያልሠራበት ምክንያት ሊሆን አይችልም የሚል ነው። ተቃውሞው ከፊሉ ትክክል ነው፤ ጉድለቱ ንጽጽሩን አላዛባም። ነገር ግን እኩል መሆን አለመኖር አይደለም። ሽፋኑ ተልጦ በሁለተኛው ሳምንት በረጋ ደም የተዘጋ ቱቦ፣ በስድስተኛው ወር ሊመጣ የነበረውን የሕዋሳት መባዛት የሚያቆም መድኃኒት አይጠቅመውም። በሁለቱም ወገን እንዲህ ያሉ ቱቦዎች ከበዙ የመድኃኒቱ ጥቅም፣ ካለ፣ በመካከላቸው ይሰወራል። ዋናው ምስል ደግሞ ከዓመት በኋላ ስለ ተነሣ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የተዘጋውና በአሥረኛው ወር የጠበበው በአንድ ቁጥር ተደምረዋል።

ከዚህ የከፋም አለ። በ41ዱ ሰዎች ሙከራ ከቡድኖቹ አንዱ ጨርሶ ያልታከመ ደም መልስ ያገኘ ነበር፤ መልካሙ ውጤትም የተነገረው ከእርሱ ጋር ተነጻጽሮ ነው። በትልቁ ሙከራ ያ ቡድን ቀረ። ፕላሴቦ ያገኙትም ቢሆኑ ደም መልሳቸው በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው ግፊት ታክሟል። የግፊቱ ሂደት በራሱ ይጠቅም ወይም ይጎዳ እንደ ሆነ የሚናገር ማነጻጸሪያ አልነበረም።

ስለዚህ የሚቀጥለው ሙከራ ለሌላ ዘረ-መል የሚደረግ ቢሆንም፣ ለምሳሌ በአሳማ ደም መልሶች ላይ ተስፋ ላሳየው ቲምፕ-3፣ ከሞለኪዩሉ በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ። ደም መልሱ እንዴት ተወሰደ፣ በምን ፈሳሽ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ በምን ያህል ግፊት ተነፋ? እነዚህ አስቀድሞ በአንድ ደንብ መወሰን፣ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛም መመዝገብ አለባቸው። ያልታከመ ቡድን መመለስ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም አንድ ምስል መነሣት ይኖርበታል። ይህ የሙከራውን ወጪና የተሳታፊዎቹን ቁጥር ይጨምራል፤ ገንዘብ የሚያወጣ ኩባንያም በደስታ አይቀበለው ይሆናል። ከሁሉ ርካሹ ግን ዛሬም በእጅ ያለ ነው። ደም መልሱ ተለክቶ ሲሰፋ የሚተርፍ ቁራጭ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ወደ ቆሻሻ ዕቃ ይጣላል። ያ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ቢታይ፣ ውስጠኛው ሽፋን በቦታው መኖሩንና ግድግዳው ከቀዶ ሕክምናው በፊትም ወፍሮ እንደ ሆነ ይናገራል።