ቴስቱ አረንጓዴ፣ ደመወዙ ስህተት

ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ላይ የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ የግብር እርከኖቹም ተቀየሩ። በምሠራበት ድርጅት የደመወዝ ፕሮግራሙን የማስተካከሉ ሥራ ለእኔ ደረሰ። «ይሄማ የአንድ ቀን ሥራ ነው» ብዬ ተቀመጥኩ።

ፕሮግራሙ በጃቫ የተጻፈ ነው። ግብር የሚያሰላው፣ ጡረታ የሚቀንሰው፣ ሳንቲም የሚያጠጋጋው ሜተድ ሁሉም ፕራይቬት ናቸው። ኮድ ለማትጽፉ፦ ፕራይቬት ማለት ከዚያው ክላስ ውጭ ማንም እንዳይጠራው የተዘጋ የጓዳ ሥራ ነው። እንግዳ የሚገባበት የፊት በር ደግሞ ፐብሊክ ይባላል። እኔ ግን ጠንቃቃ ነኝ ብዬ ሪፍሌክሽን በሚባለው መንገድ የጓዳውን በር ሁሉ ከፈትኩና ለእያንዳንዱ ፕራይቬት ሜተድ ቴስት ጻፍኩለት። ሁሉም አረንጓዴ በራ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ደመወዝ በተከፈለ ማግሥት የሒሳብ ክፍሏ ባለሙያ፣ እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ ካልኩሌተራቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይሄ ፕሮግራምህ ለሰው እያበዛ ነው» አሉኝ።

አብረን አሰላነው። 10,000 ብር ደመወዝ ያለው ሠራተኛ በአዲሱ እርከን ግብሩ 1,650 ብር ነው። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮው 700 ብር። እጁ ላይ መግባት ያለበት 7,650 ብር ነው። የእኔ ፕሮግራም ግን 7,825 ብር ከፍሎታል፤ 175 ብር ብልጫ!

የግብሩ ሜተድ ትክክል ነበር። የጡረታውም ትክክል ነበር። ስህተቱ ያለው ሁለቱን ያገናኘሁበት ቦታ ላይ ነው፦ መጀመሪያ ጡረታውን ቀንሼ፣ በቀረው 9,300 ብር ላይ ግብር አሰላሁ። ግብሩ የሚሰላው ግን ጡረታው ሳይቀነስ ነው። ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ስፈትን፣ ሠራተኛው በመጨረሻ ስንት ይደርሰዋል ብዬ አንድም ጊዜ አልጠየቅኩም። ብልጫው በሚቀጥለው ወር ከሰው ደመወዝ ላይ ተቆረጠ። የቤት ኪራዩን አስቦ ለተቀመጠ ሰው 175 ብር ቀላል አይደለም።

ጉዱ በዚህ አላበቃም። ስህተቱን ሳርም ሁለት ፕራይቬት ሜተዶችን ወደ አንድ አዋሃድኩ። ውጤቱ ትክክል ሆነ፤ ቴስቶቹ ግን ቀይ በቀይ ሆኑ። ለምን? በስም የሚጠሩት ሜተድ ስለጠፋባቸው ብቻ። ኮዱ ሲሳሳት ዝም ያሉት ቴስቶች፣ ኮዱ ሲስተካከል ጮሁብኝ።

ስለዚህ አቋሜ ይሄ ነው፦ ፕራይቬት ሜተድን ለብቻው አትፈትኑ። በፊት በር ግቡና ውጤቱን ጠይቁ። «10,000 ብር ሲገባ 7,650 ብር ይወጣል ወይ?» የሚል አንድ ቴስት ከእኔ የጓዳ ቴስቶች ሁሉ ይበልጥ ነበር። ዴቪድ ፓርናስ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሊለወጥ የሚችለውን ውሳኔ እያንዳንዱ ሞጁል በውስጡ ይደብቀው ብሎ ነበር። የምንደብቀው ነገ እንደ ልብ ለመቀየር ነው። በቴስት ከቸነከርነው መደበቁ ምን ዋጋ አለው?

«ጓዳው በጣም የተወሳሰበ ቢሆንስ?» ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ያ ሜተድ የራሱ ቤት ይገባዋል ማለት ነው። የግብር ስሌቱን አውጥታችሁ ራሱን የቻለ ክላስ አድርጉት፤ ያኔ የራሱ ፐብሊክ በር ይኖረዋል፣ እርከኖቹንም አንድ በአንድ ያለ ሌብነት ትፈትናላችሁ። የፊት በሩ ቴስት ግን አይቅር፤ እኔን ጉድ የሠራኝ መገናኛው ነውና።

ፕሮቴክትድ ትንሽ ይለያል። እሱ ከክላሱ ለሚወርሱ ልጅ ክላሶች የተሰጠ ቃል ነው፤ ሌላ ሰው ይመካበታል። ስለዚህ ቴስቱ ውስጥ አንድ ትንሽ ልጅ ክላስ ጻፉና ልጅ እንደሚጠቀምበት አድርጋችሁ ፈትኑት። ለቴስት ሲባል ብቻ ፕራይቬቱን ወደ ፕሮቴክትድ መቀየር ግን ራስን ማታለል ነው።

አንድ ቦታ ላይ እለሳለሳለሁ። ማንም ቴስት ያልጻፈለት አሮጌ ኮድ ከወረሳችሁ፣ ከመንካታችሁ በፊት ለጊዜው ጓዳውን ከፍታችሁ ብትፈትኑ አልፈርድባችሁም። ኮዱ ሲስተካከል ግን በሩን መልሳችሁ ዝጉ።

እኔ አሁን የመጀመሪያውን ቴስት ከመጻፌ በፊት ወደ ሒሳብ ክፍል እሄዳለሁ። እሳቸው በእስክሪብቶ አስልተው የሚሰጡኝን ቁጥር ቴስቱ ላይ አስቀምጣለሁ። ውስጡን እንዴት እንደሠራሁት ጠይቀውኝ አያውቁም፤ የሚጠይቁኝ ሰው ስንት እንደሚደርሰው ነው።