እኛ ጃኬት ጠባቂዎች

በፍሬሽማንነቴ ዓመት ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አንድ ቋሚ ሥራ ነበረኝ፤ ጃኬት መጠበቅ። ክፍለ ጊዜው የስፖርት ነው እንግዲህ። ወንዶቹ ኳሷን ተቀብለው ሜዳ ይገባሉ። መምህሩ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ወደኛ ዞር ይሉና «እናንተ ሴቶቹ እዛ ጥላው ሥር አረፍ በሉ፤ አቴንዳንስ መፈረም እንዳትረሱ» ይሉናል። ደግ ሰው ናቸው፤ በክፋት አልነበረም። እኛም «እሺ ቲቸር» ብለን ባሕር ዛፉ ሥር እንደረደራለን። ከዚያ ጃኬቱ መምጣት ይጀምራል። «እህቴ፣ ይቺን ያዥልኝ!» ስልኩ በኪሱ፣ ቁልፉ በኪሱ። አንድ ቀን ብቆጥር እቅፌ ውስጥ 7 ጃኬት አገኘሁ። ሰባት ጃኬት ያቀፈች ሴት ደግሞ ልሩጥ ብትልም አትሮጥም።

በሴሚስተሩ መጨረሻ ውጤት ሲለጠፍ «አልፋለች» ይላል።

ይህን የምጽፈው ጃኬት ያሳቀፉኝን ልጆች ለመክሰስ አይደለም። (አንዱ ዛሬ ጓደኛዬ ነው። ይህንንም ማንበቡ አይቀርም፤ ትንሽ ይፈር!) ጠቤ ከኮርሱ ጋር ነው። ከኮርሱም ይልቅ ኮርሱን ከናቅነው ከኛው ጋር ነው።

ኮርሱ ሃንድአውት አለው። ሃንድአውቱ መጥፎ ነው ብዬ አልዋሽም። የአካል ብቃት ማለት የልብና የሳንባ ብርታት፣ የጡንቻ ጉልበት፣ የጡንቻ ጽናት፣ የመተጣጠፍ ችሎታ፣ እንዲሁም የሰውነት የስብና የጡንቻ ምጣኔ መሆኑን ይዘረዝራል። ሸመደድነው። ፈተናው ላይ «የ20 ዓመት ወጣት ከፍተኛው የልብ ምት በደቂቃ በግምት ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ ነው፤ 200። «ሐ»ን አከበብን፤ አገኘን። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል በሙሉ ሴሚስተሩ ሁለት ጣቱን አንገቱ ላይ አሳርፎ የገዛ ልቡን ምት የቆጠረ አንድም አልነበረም። ስለ ማንም ያልሆነ የ20 ዓመት ወጣት እናውቃለን፤ ስለራሳችን ደረት ግን የምናውቀው የለም። ይህ ነው እንግዲህ የአካል ትምህርት የተባለው! ዋና በጥቁር ሰሌዳ ተምሮ ወንዝ የሚገባ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለማንም አይጠፋውም፤ እኛ ግን ወንዙም ጋ ስለማንደርስ አልፈናል እንባላለን።

መምህሩን ብቻ መውቀስ ይቀላል። ለ60 ተማሪ አንድ ኳስና አንድ ፊሽካ የተሰጠው ሰው ምን ያድርግ? ነጥቡ ከጂፒኤ አይገባም፤ ማለፍ ወይም መውደቅ ብቻ ነው። ከጂፒኤ የማይገባ ነገር ደግሞ በኛ ዘንድ ነገር አይደለም። እኛ የሥነ ጽሑፍ፣ የታሪክ፣ የፍልስፍና ተማሪዎች ነን ባዮች በዚህ ከሁሉ እንብሳለን። ካፌ ተቀምጠን የስፖርት ሳይንስ ተማሪ ሲያልፍ «ጡንቻው መጣ» እንላለን። «ልብ ወለድ ለመተቸት ፑሽአፕ ምን ይሠራልኛል?» ያለኝ ልጅ አለ፤ የተናገረውም ከሁለተኛው ፎቅ ወጥቶ ቁና ቁና እየተነፈሰ ነበር። «ከስፖርት ነፃ» የሚል የሐኪም ወረቀት ለማግኘት የሚደረገው ሩጫማ ስፖርቱ ራሱ ከሚፈልገው ሩጫ ይበልጣል።

ይህ ንቀት ከየት መጣ ብለን እንጠይቅ እንጂ። የድሮ ጌታ በበቅሎ ተቀምጦ ሲሄድ ሎሌው በእግሩ እየሮጠ ይከተለው ነበር። ላብ የሎሌ፣ ወዝ የጌታ ነው። ሸማኔውንና ቀጥቃጩን በእጁ ስለሠራ የሰደበ ኅብረተሰብ ነው ያሳደገን። ያንን ሥርዓት በወረቀት ላይ ስንት ጊዜ ረግመነዋል! በሴሚናር፣ በተርም ፔፐር፣ በዚህችው በምታነቧት መጽሔት ላይ። ከሰውነታችን ግን አላወጣነውም። በቅሎዋን በመጽሐፍ ለወጥናት እንጂ ከላይዋ አልወረድንም።

በአርሲ በቆጂ የምትባል ከተማ አለች። አቶ ስንታየሁ እሸቱ በዚያች ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። እኛ «ጡንቻው» የምንለውን ትምህርት የሚያስተምሩ ማለት ነው። ልጆቹን ሜዳ አውጥተው አሮጡ፤ አይተው መረጡ፤ መረጡና አሠለጠኑ። ካሠለጠኗቸው ልጆች አንዷ ደራርቱ ቱሉ ነበረች። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም በእኚሁ ሰው እጅ አልፈዋል። አሁን እስቲ አንድ ነገር አስቡልኝ። እኚያ መምህር በዚያን ጊዜ «እናንተ ሴቶቹ ጥላው ሥር አረፍ በሉ» ብለው ቢሆንስ ኖሮ? ደራርቱ ጃኬት ይዛ ብትቀመጥስ?

«ሁሉም ደራርቱ አይሆንም» የሚለኝ ይመጣል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው! በሽታችን ስፖርት ማለት ሜዳሊያ ነው ማለታችን ነው። አሥር ሰው ይሮጥልናል፤ የቀረነው ተቀምጠን እንጮሃለን። ኦሊምፒክ ሲመጣ ቲቪ ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው ጡንቻ የጉሮሮ ጡንቻ ብቻ ነው። አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ 42 ኪሎ ሜትሩን አንደኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ገና ጥቂት ሳምንቱ ነበር። ፎቶግራፉን ዶርማችን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል። ከፎቶግራፉ ሥር ተኝተን እስከ 3 ሰዓት እናንኮራፋለን።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለአንድ ጎልማሳ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። ለአምስት ቀን ሲከፈል በቀን 30 ደቂቃ ነው፤ ፈጠን ያለ እርምጃም ይበቃል። ይኸው ድርጅት ከዚያ በፊት በ2012 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው የ146 አገሮች ጥናት፣ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ተማሪዎች ለዕድሜያቸው የሚበቃ እንቅስቃሴ የማያደርጉት ከወንዶቹ 78 በመቶ፣ ከሴቶቹ 85 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። እነዚህ ልጆች ናቸው አድገው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡት። እኛስ ምን አድርገን እንቀበላቸዋለን? ሃንድአውትና ጃኬት!

ከኔ ጋር በአንድ ዶርም የምትኖር ልጅ አለች። ስሟ ይቅር። ከገጠር ነው የመጣችው፤ ትምህርት ቤቷ ድረስ እየሮጠች ሄዳ እየሮጠች የምትመለስ ልጅ ነበረች። እዚህ እንደመጣች ሰሞን ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ሜዳውን ትዞር ነበር። ሦስት ቀን ሮጠች። በሦስተኛው ቀን በሩ አካባቢ ቆመው የነበሩ ወንዶች «ደራርቱ! ደራርቱ!» እያሉ ሳቁባት፤ ስለ ቁምጣዋም የማይጻፍ ነገር ተናገሯት። ስሟን ሰምተን የምናለቅስላት ጀግና ስም በግቢያችን የሴት ማሸማቀቂያ ሆነ፤ ከዚህ የባሰ ውርደት አላውቅም። ልጅቷ ጫማዋን አልጋው ሥር ከተተችው። «ተዪው ባክሽ፤ ኮርሱን እንደሆነ አልፌዋለሁ» አለችኝ። ዘንድሮ ከካፌ ተመልሰን አራተኛ ፎቅ ስንወጣ ሁለተኛው ላይ ቆማ ግድግዳ ትደገፋለች። ሃንድአውቱ ላይ «ልምምድ ያቆመ ሰውነት ያገኘውን መልሶ ያጣል» የሚል መርህ አለ። በቀይ አስምሬበት ነበር። ፈተና ላይም መጥቶ መልሼዋለሁ።

ስለ ጭፈራ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። እነዚያው ባሕር ዛፍ ሥር የተቀመጡ ልጆች የፍሬሽማን አቀባበል ምሽት ላይ እስክስታ ሲወርዱ አይታችኋል? አንድ ሰዓት ሙሉ! ወላይትኛው አለ፣ የኦሮሞው አለ። የጉራጌን ጭፈራ 10 ደቂቃ የጨፈረ ሰው ከጨረሰ በኋላ ልቡን ይቁጠርና «ይህ ስፖርት አይደለም» ይበለኝ። በሌላ አገር ኮሌጆች ጭፈራ ክሬዲት ያለው የስፖርት ኮርስ ነው። የገናን ጨዋታና ትግልን የመሰለ ነገር ይዘን እኛ የያዝነው አንድ ኳስ ነው፤ ያውም 22 ወንዶች የሚገቡበት።

ስለዚህ ለሚመለከተው ክፍል የምንለው አለን። የወረቀቱ ፈተና ይቅር አንልም፤ ብቻውን አይሁን ነው። አንድ ተማሪ መስከረም ላይ ምን ያህል ይሮጥ እንደነበረና ጥር ላይ ምን ያህል እንደሚሮጥ ይመዝገብና፣ ማለፉ በራሱ ለውጥ ይለካ። ይህን ለመሥራት ሰዓትና እርሳስ ይበቃል። ኳሱ አንድ ከሆነ ክፍሉ በቡድን ይከፈል፤ ሴቶቹም ተራቸውን ያግኙ፤ ጭፈራውም ይግባ። ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ሜዳው ላይ አንድ የጥበቃ ሰው ይቁም። ወንበር ለመጠበቅ ጥበቃ ያለው ግቢ ለሴት ልጅ እንዴት ያጣል?

መልስ እስኪመጣ ግን ተቀምጠን አንጠብቅም። ያቺን ልጅ ለምኜ እሺ አሰኝቻታለሁ፤ ጫማዋ ከአልጋው ሥር ወጥቷል። ከሚቀጥለው ሐሙስ ጀምሮ በ10 ሰዓት ሜዳው ላይ ነን፤ እስካሁን አምስት ሴቶች ተመዝግበናል። ወንዶችም ትመጣላችሁ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ጃኬታችሁን አጥሩ ላይ ስቀሉት።